የአንድ ወንዝ ሁለት ዳር

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካናዳ ከአሜሪካ በስተሰሜን ናት ተብለን ነው ጂኦግራፊ የተማርነው። እውነትም ነው። ሆኖም ከአሜሪካዋ ዲትሮይት መሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ካናዳዋ ዊንዘር የሚሻገር መንገደኛ የሚጓዘው ወደ ደቡብ ነው፤ ድንበሩ እዚያ ላይ ተጠማዞ ያልፋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አንድ ወንዝ ሲሆን ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ1929 ድልድይ ተሠራበት፤ በ1930 ደግሞ በሥሩ የመኪና ዋሻ ተከፈተ። በሁለቱም ዳር የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው፤ በሁለቱም ዳር የሚሠራው መኪና ነው፤ ክረምቱም የሁለቱ አንድ ነው። ለዲትሮይት የበረዶ ሆኪ ቡድን ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው የዊንዘር ሰውም ጥቂት አይደለም።

ታዲያ የእነዚህ ጎረቤታሞች የዕለት ኑሮ በምን ይለያል? ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ተማሪና ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ተማሪ ሻይ ቤት ከተገናኙ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንዱ የአሜሪካን ደመወዝ ያወድሳል። ሌላው «የእኔዋ እኮ ሆስፒታል ወልዳ ሳትከፍል ነው የወጣችው» ይላል። ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ ሦስተኛው ሰው «ተፈጥሯቸው ነው፤ አሜሪካዊ ለራሱ ይኖራል፣ ካናዳዊ ግን ይሉኝታ ያውቃል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከዚህ መዝጊያ ጋር ነው። «ተፈጥሯቸው ነው» የሚለው መልስ ለመናገር ይቀላል እንጂ አንዳች ነገር አያስረዳም። የሁለቱ ሕዝቦች የኑሮ ልዩነት የልደት ቀን አለው፤ አዋላጆችም ነበሩት፤ በወሊድ ላይም ለጥቂት ነው የተረፈው።

በመጀመሪያ ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። በ1965 አሜሪካና ካናዳ መኪናና የመኪና ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲህ የዲትሮይቱና የዊንዘሩ ፋብሪካ እንደ አንድ ፋብሪካ ሆኑ ማለት ይቻላል። የሁለቱ ዳር ሠራተኞች እስከ 1985 ድረስ የአንድ ሠራተኛ ማኅበር አባላት ነበሩ፤ የካናዳዎቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ያቋቋሙት በዚያ ዓመት ነው። ማሽኑ አንድ፣ አለቃው አንድ፣ ማኅበሩም አንድ ነበር። ነገር ግን የዲትሮይቱ ሠራተኛ ልጁ ስትታመም ሆስፒታል የሚያሳየው ካርድ የሚመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ሥራው ከሄደ ካርዱም ይሄዳል። የዊንዘሩ የሚያሳየው የክፍለ ሀገሩን ካርድ ነው፤ ሥራ ቢለቅ፣ ቢባረር፣ የራሱን ሱቅ ቢከፍት ካርዱ ከኪሱ አይወጣም።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እስቲ ከዚህ የሚከተለውን እናስብ፦ አለቃውን የጠላ ሰው ሥራ ለመልቀቅ የሚደፍረው መቼ ነው? ጎልማሳው ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ሲያስብ የሚፈራው ምንድን ነው? ቤተሰብ በእራት ሰዓት የሚነጋገረው ስለ ምን ዕዳ ነው? የዕለት ኑሮ የሚባለው ይኸው ነው።

አንዳንዶች የልዩነቱን ሥር ከ1776ቱ አብዮት ይመዛሉ። አሜሪካኖች በንጉሡ ላይ ሲያምፁ ለንጉሡ ያደሩ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ ስለዚህ ካናዳ ከጥንቱ መንግሥት የምታምን አገር ሆነች ይላሉ። ይህ ስለ ባንዲራውና ስለ ዘውዱ ሊያስረዳ ይችላል። ስለ ሆስፒታሉ ግን አያስረዳም። ምክንያቱም ከዚያ 160 ዓመት ያህል በኋላ እንኳ በሁለቱም አገሮች የታመመ ሰው ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ከሌለው ይበደራል፣ ወይም የምጽዋት ሕክምና ይለምናል፣ ወይም ቤቱ ይተኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ 1945 ነው። በዚያ ዓመት የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ለክፍላተ ሀገሩ የጤና ኢንሹራንስ ዕቅድ አቀረበ፤ በግብር ክፍፍል ሳይስማሙ ቀርተው ከሸፈ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን ለኮንግሬስ ተመሳሳይ ዕቅድ አቀረበ፤ እሱም ከሸፈ። በካሊፎርኒያ ደግሞ አገረ ገዥው ኧርል ዋረን ለክፍለ ግዛቱ ብቻ የሚሆን ሐሳብ አቅርቦ ምክር ቤቱ ጣለበት። እንግዲህ ሐሳቡ በሁለቱም አገር ነበረ፤ ውድቀቱም በሁለቱም አገር ነበረ። ይሉኝታውና ራስ ወዳድነቱ ታዲያ የት ነበሩ?

መንገዱ የተለየው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ወደ አሜሪካው እንለፍ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ዋጋ እንዳይንር ብሎ በ1942 የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። ሠራተኛ ያጠረው ፋብሪካ ደመወዝ መጨመር ቢከለከልም የጤና ኢንሹራንስ መስጠት ግን አልተከለከለም። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ሠራተኛው ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዳይጣልበት አጸና። ለጦርነት ጊዜ የተፈለገ መላ እንዲህ ሆኖ ቋሚ ሥርዓት ወጣው።

የዲትሮይት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ዋልተር ሩተር የሚፈልገው ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ኢንሹራንስ ነበር። ኮንግሬስ እንቢ ሲል ግን አባሎቹን ባዶ እጃቸውን ሊያስቀር አልቻለም። በ1950 ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ጋዜጦች «የዲትሮይት ውል» ያሉትን ስምምነት ፈረመ፤ ጡረታና የሕክምና ኢንሹራንስ በውሉ ገቡ። ለአባሎቹ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን ጠንካራው ማኅበር የራሱን ካገኘ በኋላ ማኅበር የሌለው አስተናጋጅ፣ የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ጮኾ የሚጮኽለት አጣ።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም አልተኛም። የካሊፎርኒያውን ዕቅድ በማክሸፍ የታወቀውን የቅስቀሳ ድርጅት ቀጥሮ በ1949 ብቻ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ፤ ቀዝቃዛው ጦርነት በተጋጋለበት ሰዓት የትሩማንን ዕቅድ «ሶሻሊዝም ነው» አሰኘው። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች የምክር ቤት አባላት ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራቸው፦ የፌዴራል ገንዘብ ከገባ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሆስፒታል ይተኛሉ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። በ1965 ለአረጋውያንና ለድሆች ሕክምና የሚሆኑት ሕጎች ሲወጡ የዘር መለያየትን ያልተወ ሆስፒታል ከአረጋውያኑ ገንዘብ አያገኝም ተባለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ብዙ ሆስፒታሎች በራቸውን ለሁሉም ከፈቱ።

የካናዳውን ለማወቅ ግን ከዊንዘር ርቀን ወደ ምዕራቡ የስንዴ ሜዳ፣ ወደ ሳስካቸዋን መሄድ ግድ ይለናል። ይህ ክፍለ ሀገር ሀብታም አልነበረም። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀትና ድርቅ አንድ ላይ ወርደውበት ከካናዳ ሁሉ የከፋው መከራ የደረሰው በእሱ ላይ ነው። ገበሬው በሰፊ ሜዳ ተበታትኖ ስለሚኖር ሐኪም አይገኝለትም፤ ቢገኝም ገቢው እያነሰው ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንዳንድ የገጠር ቀበሌዎች ከመሬት ግብር አዋጥተው ሐኪም በደመወዝ መቅጠር ጀመሩ። በ1916 ሕግ ፈቀደላቸው። እድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ።

በ1944 በዚህ ክፍለ ሀገር የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ ምርጫ አሸነፈ። መሪው ቶሚ ዳግላስ ቀድሞ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። በልጅነቱ የእግሩን አጥንት ታሞ፣ ወላጆቹም የሚከፍሉት አጥተው፣ እግሩ ሊቆረጥ ነበር። አንድ ታዋቂ ሐኪም ተማሪዎቹ እያዩ እንዲማሩበት ከተፈቀደለት በነፃ እንደሚያክመው ተናግሮ አዳነው። ዳግላስ ኋላ ይህን እያነሣ የሰው እግር በዕድል መትረፍ የለበትም ይል ነበር። በጥር 1947 መንግሥቱ የሆስፒታል ኢንሹራንስ ጀመረ፤ መዋጮው በዓመት ለአንድ ሰው 5 ዶላር ነበር። የካናዳ ሕገ መንግሥት ሆስፒታልን የክፍለ ሀገር ሥልጣን ስላደረገው ኦታዋን መጠበቅ አላስፈለገም። ፌዴራሉ መንግሥት ወጪውን ለመካፈል የተስማማው በ1957፣ ከ10 ዓመት በኋላ ነው።

ዋናው ፍልሚያ የመጣው የሐኪም ክፍያ ሲነሣ ነው። ሕጉ በሐምሌ 1 ቀን 1962 ሥራ ላይ ሲውል ከክፍለ ሀገሩ ሐኪሞች አብዛኞቹ ክሊኒካቸውን ዘግተው አድማ መቱ። ድንገተኛ ሕመም ብቻ የሚታይባቸው ጥቂት ሆስፒታሎች ቀሩ። ሐኪሞቻችንን አትንኩብን የሚሉ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ከእነሱም ውስጥ ከልባቸው የፈሩ እናቶች ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የኅብረት ክሊኒክ ከፈቱ፤ መንግሥትም ከእንግሊዝ አገር ሐኪሞች አስመጣ። በዳግላስ ቦታ የተተካው ዉድሮ ሎይድ አልበረገገም። በ23ኛው ቀን ስምምነት ተፈረመ፤ ሐኪሞቹ የመንግሥት ቅጥረኛ እንዳይሆኑ ተጠበቀላቸው፣ ሁሉን የሚያቅፈው ኢንሹራንስ ግን ጸና።

እስቲ ይህን እናስተውል። ካናዳዊ በተፈጥሮው ይሉኝታ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ 23ቱ ቀናት ለምን አስፈለጉ? ፓርቲው በ1964 ምርጫ ተሸነፈ። ነገር ግን ያሸነፉት ተቃዋሚዎች እንኳ ኢንሹራንሱን ሊያነሡት አልደፈሩም፤ ሕዝቡ ቀምሶታልና። በዚያው ዓመት በዳኛ ኤመት ሆል የተመራው የፌዴራል ኮሚሽን ለመላው አገር እንዲዳረስ አሳሰበ፤ በ1966 ሕጉ ወጣ። የዊንዘር ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ መጀመሪያ ላይ አንገራግራ በ1969 ገባች። በ1972 ሁሉም ገብቶ አለቀ። በ1984 የወጣው ሕግ ደግሞ ሐኪም ከተመኑ በላይ ከበሽተኛው እንዳያስከፍል አጠበቀው።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ1970 ሁለቱም አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 7 በመቶ ያህል ለጤና ያወጡ ነበር። በ2022 አሜሪካ ከ17 በመቶ በላይ፣ ካናዳ 12 በመቶ ገደማ ያወጡ ነበር። በዚያው ዓመት የተወለደ አሜሪካዊ በአማካይ የሚጠበቀው ዕድሜ 77 ዓመት ተኩል ሲሆን የካናዳዊው ከ81 ይበልጣል። የመሣሪያ ግድያና የአደንዛዥ ዕፅ ሞትም በዚህ ልዩነት ውስጥ እንዳሉበት መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም በዓለም ላይ ለሕክምና ከሁሉ አብልጦ በሚያወጣ አገር በ2023 ኢንሹራንስ የሌለው 26 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር፤ የ2010ሩ ሕግ ከመውጣቱ በፊትማ ወደ 50 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉታል ይህን ነው።

«የዲትሮይት ውል»ስ የት ደረሰ? ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ኪሳራ አወጀ፤ ካሸመደመዱት ዕዳዎች አንዱ የጡረተኞቹ ሕክምና ነበር። ከተማዋ ዲትሮይት ራሷ በ2013 ኪሳራ ስታውጅ የጡረተኞቿ የሕክምና ጥቅም ክፉኛ ተቆረጠ። በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ዋስትና አሠሪው ሲንገዳገድ አብሮ ይንገዳገዳል።

ካናዳን ገነት አድርገን ግን አናቀርብም። የዳሌ ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሰው ወራት ይቆጥራል፤ በ2005 የኩቤክ ወረፋ ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ መንግሥት ተረትቷል። ከስድስት ሚሊዮን የሚበልጡ ጎልማሶች ቋሚ ሐኪም እንደሌላቸው በዚህ አሥር ዓመት የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የጥርስና የመድኃኒት ወጪ ለረጅም ዘመን ከዋስትናው ውጭ ሲሆን ፌዴራሉ መንግሥት በሰፊው የነካው ገና አሁን በ2020ዎቹ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለእነሱ ብቻ በተለዩ፣ በጀታቸው በቀጨጨ ሆስፒታሎች ሲታከሙ ኖረዋል፤ ዕድሜያቸው ዛሬም ከሌላው ካናዳዊ ያጥራል። «ይሉኝታ ያውቃል» የተባለው አገር ይሉኝታው እነሱ ዘንድ አልደረሰም ነበር።

እንግዲህ «ተፈጥሯቸው ነው» ለሚለው ጓደኛችን የምንመልሰው ይህ ነው። የሕዝብ ጠባይ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የተረሳ ውሳኔ ነው። አባቶች ተጣልተው፣ አድማ መተው፣ ተፈራርመው ያቆሙትን ነገር ልጆች ተወልደው ሲያገኙት «እኛ እንዲህ ነን» ይላሉ። የተፈጥሮ ነው ብለን ስንቀበለው በአንድ በኩል የሠሩትን ሰዎች ድካም እንሰርቃለን፤ በሌላ በኩል ያልሠሩትን ከተጠያቂነት ነፃ እናወጣለን። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለራሳችን የምንሰጠው ሰበብ ነው። የሌላው መልካም ነገር ከተፈጥሮው የመጣ ከሆነ እኛ ምን እናድርግ? ከድህነቱ፣ ከድርቁና ከ23 ቀን ፍርሃት የመጣ ከሆነ ግን «ምን እናድርግ» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።