በሬው ሳይታይ የተያዘ ቀብድ

መርሳ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ቸኩሎ ብር አያወጣም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። ደላላው ዋጋውን ካስማማ በኋላ፣ ገዢው ሙሉውን ብር ካልያዘ ቀብድ ያስይዛል፤ አጠገባቸው የቆመው ምስክር ይሆናል። ሻጩ ቤቱም ዘመዱም የሚታወቅ ያገር ሰው ነው። ሌላ ሰው መጥቶ ዋጋ ቢጨምር «ቀብድ ተይዞበታል» ብሎ መመለስ ይበቃል።

መርሳ ያለበት የጁ የነጋዴ አገር ነው። ከደሴ የሚመጣው መንገድ ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወልድያ ይገባል፤ ቀብድም የነጋዴ ቃል ነው። ዓረብኛው «ቀብድ» መያዝ፣ መረከብ ማለት ነው።

የገበያው ልማድ በዘመናዊ ሕግ የሰፈረው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ካረቀቁት 3,367 አንቀጾች ሦስቱ፣ ከ1883 እስከ 1885 ያሉት፣ የቀብድ ናቸው። ቀብድ መቀበል ውል መኖሩን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሒሳቡ ይቀነሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፉ የዳቪድ ፈጠራ አይደለም፤ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ በ533 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕግ መማሪያም ይገኛል።

ጥሩ ሕግ ነው፣ ለበሬ። መኪና ሲሆን ግን ይለያል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ 15 በመቶ ሆኖ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ደግሞ ተነሥቶ ነበር። ገበያው ወደዚያው ዞረ። ወልድያ ሆኖ መኪና የሚፈልግ ሰው 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ለሚገኝ አስመጪ ብሩን በባንክ ይልካል። የሚገለጥ ጥርስ የለም፤ ያለው ፎቶና ፕሮፎርማ ነው። መኪናው ገና ቻይና ነው፤ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ ይቀሩታል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ።

የተከፈለው ብር ስምም ያከራክራል። ደረሰኙ ላይ «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሻጩ ቀብድ አልተቀበልኩም፣ እጥፍም አይመለከተኝም ሊል ይችላል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለውም ሐረግ ውሉን አትሞ ለሚያቀርበው ወገን ሰፊ በር ናት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መኪናው እጁ ሳይገባ ግን የትኛውን ጉድለት ያሳያል?

አስመጪው ወይም ገጣጣሚው ከከሰረ ነገሩ ይብሳል። ድርጅት መክሰሩ አዲስ አይደለም፤ ሞጆ ላይ «አባይ» የሚባለውን መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካርም ከገበያ የወጣው በኪሳራ ነው። ባንክ መያዣ አለው። ለመኪና የከፈለ ደንበኛ ብሩ ከድርጅቱ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ መያዣ ከሌላቸው ባለገንዘቦች ጋር ይሰለፋል፤ «እጥፍ ይከፈለው» ተብሎ ቢፈረድለት እንኳ ካዝናው ባዶ ነው። መኪናው ሳይታይ ብር ማስያዝ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ቴስላ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ላይ ለሞዴል 3 በሰው 1,000 ዶላር ሲያስይዝ በአንድ ሳምንት 325,000 ያህል ተመዝጋቢ አገኘ፤ መኪናው ግን ገና ወደ ምርት አልገባም ነበር።

መርሳ ላይ የቀብዱ ጠባቂ ሕጉ ብቻ አልነበረም፤ ገመዱ የተያዘው በሬና የቆመው ምስክርም ነበሩ። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው የወልድያ ሰው ዛሬ ብሩን ከመላኩ በፊት ዘመዱን ወደ መሸጫው ይልካል። መኪናው ደርሶ ከሆነ ዘመድ ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ከታች ጎንበስ ብሎ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያነሣለታል።