የሙሳ ልጆች፦ ሦስቱ የባግዳድ የቲሞች ብልሃትን እንዴት ተማሩ?

የአባሲዩ ኸሊፋ አል-መእሙን (813–833) ገና መርው ከተማ ሳለ ሙሳ ኢብኑ ሻኪር የሚባል ወዳጅ ነበረው። ስለዚህ ሰው የሚነገረው ይገርማል። በወጣትነቱ የኹራሳን መንገደኞችን የሚዘርፍ ሽፍታ ነበር፤ ኋላ ተውበት አድርጎ የከዋክብት ሒሳብ ዐዋቂ ሆነ ይባላል። ሲሞት ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን የተባሉ ሦስት ትንንሽ ልጆች ትቶ ሄደ። ታሪክ የሚያውቃቸው በኑ ሙሳ፣ የሙሳ ልጆች፣ በሚል ስም ነው።

ኸሊፋው የወዳጁን የቲሞች ለባግዳዱ ሹም ለኢስሓቅ ኢብኑ ኢብራሂም አደራ ሰጠ። ከዚያም በይቱል ሒክማ ገብተው ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከየሕያ ኢብኑ አቢ መንሱር ዘንድ እንዲማሩ አደረገ። ሩሞችን ሊወጋ በዘመተ ጊዜ እንኳ ስለልጆቹ የሚጠይቅ ደብዳቤ መላኩን አላቆመም። ኢስሓቅ ቢሰለቸው፣ ኸሊፋው የሙሳ ልጆች ሞግዚት አደረገኝ እያለ ያጉረመርም ነበር። ልጆቹ በቅምጥል አደጉ ማለት ግን አይደለም። የሚቆረጥላቸው ትንሽ፣ ኑሯቸውም የተጎሳቆለ ነበር።

ኢብኑል ቂፍጢ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ስለትንሹ፣ ስለአል-ሐሰን፣ አንድ ነገር ያወሳል። ልጁ ከኢዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ አሥራ ሦስት ክፍሎች ስድስቱን ብቻ አንብቦ የቀረውን በራሱ ጭንቅላት ፈልስፎ ይደርስበት ነበር። ይህን ያወቀ አንድ ሊቅ ኸሊፋው ፊት ከሰሰው። እኛ ብንሆን ‘ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጎበዝ!’ ብለን እናልፈው ነበር። አል-መእሙን ግን ተሰጥኦውን ቢያምንለትም ምክንያቱን አልተቀበለውም። ጂኦሜትሪ ለሚማር ሰው ያ መጽሐፍ ለሚናገርና ለሚጽፍ ሰው አሊፍ፣ ባ፣ ታ እንደማለት ነው፤ ስንፍና ካልሆነ በቀር ሳይጨርሱት መተው ምን ይባላል ብሎ ገሠጸው።

በ850 አካባቢ የወጣው ኪታቡል ሒየል፣ ማለትም የብልሃቶች መጽሐፍ፣ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። አብዛኛውን የሠራው አሕመድ እንደሆነ ይታመናል። ወደ መቶ የሚጠጉ መሣሪያዎች ከነሥዕላቸው አሉበት። ብዙዎቹ ሲያዩዋቸው የልጅ ጨዋታ ይመስላሉ። ለምሳሌ ውኃ ሲቀዳበት የሚቀበል፣ የሚቀዳው ሰው ለአፍታ ቆም ካለ ግን ከዚያ በኋላ ጠብታ የማይቀበል ማሰሮ አለ። እንግዳ ፊት ቢያወጡት ያስቃል። ሆዱ ውስጥ የተደበቁት ግን ተንሳፋፊዎች፣ በራሳቸው የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች፣ ጎበጥ ያሉ ቱቦዎች ናቸው። ግቢያችን ያለው ሮቶ ሲሞላ ውኃውን የምትዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ አስቡ። ውኃው ሲጎድል ራሱን የሚሞላ ገንዳ በዚሁ ብልሃት ሠርተዋል። እየተጫወቱ የውኃንና የአየርን ግፊት ጠባይ አጠኑ ማለት ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አየሩ የተበከለ ጉድጓድ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ንጹሕ አየር የሚያደርስ መሣሪያና ከውኃ ሥር ዕቃ አንቆ የሚያወጣ መንጠቆም ይገኛሉ። ዛሬ በእጅ መሥራትን ፈተና ለወደቀ ተማሪ የተተወ አድርገን ስናይ፣ የኸሊፋው ቤት ከጂኦሜትሪ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አቅርቦት እንደነበር እንረሳለን።

ከ350 ዓመት በኋላ ዲያርበክር ላይ አል-ጀዘሪ የራሱን መጽሐፍ በ1206 ሲጨርስ የበኑ ሙሳን ፏፏቴዎች አንስቶ ተችቷል። የውኃው ቅርጽ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ለውጡ በዓይን አይያዝም ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ አሠራር አወጣ። ጥሩ ተማሪ እንዲህ ነው መምህሩን የሚያከብረው።

የወንድማማቾቹ ታሪክ ግን ሁሉም ያማረ አይደለም። ሙሐመድና አሕመድ በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን በፈላስፋው አል-ኪንዲ ላይ ነገር ሠርተው መጻሕፍቱን እስከማስነጠቅ ደርሰዋል። ኋላ ኸሊፋው አዲስ ለሚያሠራው ከተማ የውኃ ቦይ እንዲያስቆፍሩ አዘዛቸው። እነሱ ሥራውን ለአል-ፈርጋኒ ሰጡት፤ እሱ ደግሞ በልኬት ተሳሳተ። የቦዩ አፍ ከቀረው ክፍል ይልቅ በጣም ጠልቆ ተቆፈረ። ጤግሮስ ሲሞላ ካልሆነ በቀር ውኃ አይገባበትም። ኸሊፋው ወሬው ሲደርሰው ሰነድ ኢብኑ ዐሊ የተባለውን መሐንዲስ ጠርቶ እንዲመረምር አዘዘው፤ ስሕተቱ እውነት ከሆነ ሁለቱን እዚያው ቦዩ ዳር ሊሰቅላቸው ምሏል።

ወንድማማቾቹ ሰነድን ለመኑት። እሱም የአል-ኪንዲን መጻሕፍት ካልመለሳችሁ አፌን አልከፍትም አላቸው። መለሱ፤ አል-ኪንዲም መቀበሉን በገዛ እጁ ጽፎ ሰጠ። ያን ጊዜ ሰነድ፣ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ስሕተቱ ለአራት ወር አይታይም ብሎ አሰበና ለኸሊፋው ቦዩ ደህና ነው አለ። ወንዙ ሳይጎድል በ861 አል-ሙተወኪል ተገደለ። ወንድማማቾቹ ተረፉ፤ መጻሕፍቱም ባለቤታቸው ዘንድ ቀሩ።