ሳቃችንን ያቆመው ፖስተር

ባለፈው እሁድ ኮልፌ፣ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ፣ ጥቁር ጀግና ያለበት የድሮ የአሜሪካ አክሽን ፊልም ፖስተር ለቀልድ ስንሠራ ዋልን። አንዱ የአባቱን ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ የልጆች ሽጉጥ ይዞ ቆመ። ሳቅን።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአብዮቱ ዋዜማ፣ በ1965 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በከፊል የተቀረፀው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር አንጋፋው ደበበ እሸቱ ተውኖበታል። ሰው የሚያስታውሰው ጡጫና ጥይቱን ነው፤ ታሪኩ ግን አፍሪካውያንን በሥራ ስም ወደ አውሮፓ እያሻገሩ ስለሚበዘብዙ ሰዎች ነው።

ይህን ስነግራቸው ሽጉጥ የያዘው ጓደኛችን ዝም አለ። ታናሽ ወንድሙ በሊቢያ በኩል ሊሻገር ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። የሱሪው ፋሽን ተቀየረ፤ ደላላው ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።