የሞኒተር ማስተካከያ ታሪክ፦ ከእጅ ሒሳብ እስከ 128 ባይት

ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር የሚሠራ የጠረጴዛ ኮምፕዩተር ምስሉን አዛብቶ ሲያሳይ፣ ፊደሉ ሲደበዝዝ ወይም ሞኒተሩ ጨርሶ ሲጠቁር ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው በሶፍትዌሩ ላይ ነው። ወቀሳው አንዳንዴ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የብልሽቱን ምንጭ ለማግኘት የሚፈልግ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሞኒተሩን ዐቅም ለኮምፕዩተሩ የነገረው ማን ነው? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከ1984 ወዲህ የተሰጠው መልስ በየጊዜው ተለዋውጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በ1984 ሮበርት ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ፣ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘውን «ደብልዩ» የተባለ የመስኮት ሥርዓት መነሻ አድርገው «ኤክስ» የተባለውን ሠሩ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት 11ኛው እትም በ1987 ወጣ። በዚያን ጊዜ ሥርዓቱ የሚሠራባቸው ትላልቅ ኮምፕዩተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከነሞኒተራቸው ተጣምረው ይሸጡ ስለ ነበር የሞኒተሩን ዐቅም የሚያውቀው ፋብሪካው ነበር። ነገሩ የተለወጠው ኤክስ ወደ ግል ኮምፕዩተር ሲሻገር ነው። በ1991 የቶማስ ሮል ሥራ የሆነው «ኤክስ386» ከኤክስ ጋር ተካቶ ወጣ፤ በ1992 ደግሞ ጥቂት ፕሮግራም ሠሪዎች ጉድለቱን ለማረም ተሰባስበው «ኤክስፍሪ86»ን መሠረቱ። በ1991 የተወለደው ሊነክስም ምስሉን የሚያሳየው በዚሁ ነበር። የግል ኮምፕዩተር ባለቤት ግን ካርዱን ከአንዱ ሞኒተሩን ከሌላው የሚገዛ ስለሆነ፣ ሁለቱን የማስማማቱ ኀላፊነት በራሱ ላይ ወደቀ።

ኀላፊነቱ «ሞድላይን» በተባለች አንዲት መስመር ላይ ይጻፍ ነበር። መስመሯን ለመረዳት የድሮውን ባለ ቱቦ ሞኒተር ማሰብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረገ አንዱን መስመር ይጽፋል፤ ከዚያም ወደ ግራ ይመለሳል፤ የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ ከግርጌ ወደ ራስጌ ይመለሳል። በምልሱ ጊዜ ምንም አይጻፍም፤ ጊዜው ግን ይቈጠራል። በ1987 በወጣው በቪ.ጂ.ኤ. ደረጃ በአግድም የሚታዩት ነጥቦች 640 ሲሆኑ የሚቈጠሩት 800 ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች የሚታዩት መስመሮች 480 ሲሆኑ የሚቈጠሩት 525 ናቸው። የነጥቡ ፍጥነት 25.175 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ለ800 ሲካፈል በሴኮንድ 31,469 ያህል መስመር ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለ525 ሲካፈል ምስሉ በሴኮንድ 59.94 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። እንግዲህ የሞኒተሩን መመሪያ ይዞ፣ የአግድምና የቁም ፍሪኩዌንሲ ወሰኑን አንብቦ፣ ይህን ሒሳብ ማስላት የተጠቃሚው ፈንታ ነበር። ስሕተቱም ቀላል አልነበረም፤ ወሰኑን ያለፈ ፍሪኩዌንሲ አንዳንዱን አሮጌ ሞኒተር ሊያቃጥል ስለሚችል የኤክስፍሪ86 ሰነዶች አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር። ይህ አሠራር አድካሚ ነበር። ነገር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው፦ ቁጥሮቹ በሙሉ በዐይን ይታዩ ነበር።

ሸክሙን ያቃለለው የቪዲዮ ኤሌክትሮኒክስ ደረጃዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ቬሳ፣ በ1994 ያወጣው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ ሞኒተሩ ማንነቱንና ዐቅሙን በ128 ባይት ጽፎ በማስታወሻው ይይዛል፤ ኮምፕዩተሩም በገመዱ በኩል ጠይቆ ያነባል። ይህ መዝገብ «ኢዲድ» ይባላል። በ15 ፒኑ የቪ.ጂ.ኤ. መሰኪያ ላይ ንግግሩ የሚካሄደው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው።

የሶፍትዌሩ ለውጥ ቀስ ብሎ ተከተለ። ያው ጂም ጌቲስ ከኪት ፓካርድ ጋር በ2001 «ራንድር» የተባለውን ማራዘሚያ በጽሑፍ አቀረበ፤ በ2004 በፈቃድ ውል አለመስማማት ምክንያት ሥራው ከኤክስፍሪ86 ወደ ኤክስ.ኦርግ ዞረ፤ በ2007 ራንድር 1.2 ሥርዓቱ ሳይቋረጥ ሞኒተሮችን በየግላቸው ማስተካከልን አመጣ። በ2009 ደግሞ ከሊነክስ 2.6.29 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ለኢንቴል ካርዶች፣ ሥራው ወደ ከርነሉ ገባ።

ዛሬ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ይህ ንግግር ሲቋረጥ ነው። የ12ኛውና የ15ኛው ፒን ሽቦ የሌለው ርካሽ ገመድ፣ በረጅም ገመድ የተያያዘ የስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተር፣ ወይም ሁለት ኮምፕዩተሮችን ለአንድ ሞኒተር የሚያጋራ ማቀያየሪያ ምስሉን አሳልፎ መዝገቡን ሊያስቀር ይችላል። ከርነሉም ምንም ሳይነገረው ሲቀር ብዙውን ጊዜ ከ1024 በ768 አያልፍም። ባለ 1920 ነጥቡ ሞኒተር ተለጥጦ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አውጥቶ እንደገና ከመጫን በፊት፣ ከርነሉ ለእያንዳንዱ መሰኪያ የሚያስቀምጠውን የኢዲድ ፋይል መመልከት ይገባል። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ምርመራው ከገመዱ መጀመር አለበት፤ ብዙ ሰዓትና ብዙ የመለዋወጫ ወጪ የሚድነው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ ደኅና ሆኖ ምስሉ ከጠፋ ወደ አሮጌው ሒሳብ መመለስ ግድ ይሆናል። 1920 በ1200 የሆነ ምስል በተለመደው ስሌት በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል እንዲታደስ 193.25 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፤ ነጠላው የዲ.ቪ.አይ. ገመድ የሚፈቅደው ግን 165 ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ሞኒተር የሚመለስ ጨረር ስለሌለው የምልሱን ጊዜ ማሳጠር ይቻላል፤ ቬሳ በ2003 ባወጣው አጭር ስሌት ያው ምስል በ154 ሜጋኸርዝ ያልፋል። አዲሱን ሞድላይን በኤክስ ሥር በራንድር መጨመር ቀላል ነው። በ2008 የተጀመረውና ብዙ ዴስክቶፖች የተቀበሉት ዌይላንድ ግን ይህን ለየዴስክቶፑ ስለተወው አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው አይፈቅድም።

ለዚህ ዐይነቱ ችግር ከርነሉ ራሱ አንድ መውጫ አለው፦ በደኅና ገመድ የተነበበ ኢዲድ በፋይል ተቀምጦ፣ ኮምፕዩተሩ ሲነሣ በሞኒተሩ ፈንታ እንዲነበብ ማዘዝ ይቻላል። ይህን ያደረገ ባለሙያ የፋይሉን ስምና የመሰኪያውን ቁጥር በኮምፕዩተሩ ሣጥን ላይ ቢለጥፍ መልካም ነው፤ ሞኒተሩ ተለውጦ ፋይሉ ከቀረ ቀጣዩ ጠጋኝ የሚያነበው የሌላ ሞኒተር መዝገብ ይሆናልና።