ጉንፋን ያበላሸው ነው ወይስ ሲወለድ የነበረ? የአንድ ምርመራ ታሪክ



ልጅዎ ከተወለደ ጀምሮ አክታ ያለው ሳል በየቀኑ ያስለዋል? አፍንጫው ክረምት ከበጋ ይፈሳል? ጆሮውስ ቶሎ ቶሎ ያመረቅዛል? እንግዲያው ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ክፍል ሲሊያ በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጸጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። ሲሊያ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ አቧራና ጀርም የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። አንዳንድ ልጆች ግን ሲሊያቸው በደንብ የማይሠራ ሆኖ ይወለዳሉ። አክታው ይጠራቀማል፣ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል፣ ሳንባም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1933 ማኔስ ካርታጌነር የተባሉ የስዊዘርላንድ ሐኪም ስለ አራት ታማሚዎች ጻፉ። ሁሉም የሳይነስ ሕመምና የተጎዳ የአየር ቧንቧ ነበራቸው፤ ልባቸውም በቀኝ በኩል ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች ምን እንዳገናኛቸው ግን ለ43 ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። በ1976 ስዊድናዊው ብዮርን አፍዜሊዩስ ምክንያቱን አሳወቁ፤ ሲሊያን የሚያንቀሳቅሱት ዳይኒን የሚባሉ ጥቃቅን ክንዶች በእነዚህ ሰዎች ላይ የሉም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ከአፍንጫ ናሙና እየወሰዱ ሲሊያን መመርመር ጀመሩ። ነገር ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ተራ ኢንፌክሽንም ሲሊያን ያበላሻል። ታዲያ በማይክሮስኮፕ የታየው ጉዳት ጉንፋን ያመጣው ነው ወይስ የተወረሰ? ስህተቱ ከባድ ነው፤ ጤናማውን ልጅ የዕድሜ ልክ ታማሚ ያሰኛል፣ ታማሚውን ደግሞ ያለ ሕክምና ያስቀራል።

መፍትሔ ካገኙት አንዱ በቤልጅየም ሉቨን ከተማ የአንገት በላይ ሐኪም የሆኑት ማርክ ዮሪሰን ናቸው። ከአፍንጫ የተወሰዱትን ሴሎች በላቦራቶሪ ውስጥ አሳደጓቸው። ሴሎቹ አሮጌውን ሲሊያ ይጥላሉ፤ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ያበቅላሉ። በኢንፌክሽን የተበላሸ ከነበረ አዲሱ ሲሊያ ጤናማ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ የተወረሰ ከሆነ ግን አዲሱም ያው እንከን ይኖረዋል። በኋላም ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሴሎቹን ከላይ አየር እያገኙ፣ ከታች ምግብ እየተሰጣቸው ማሳደግ ጀመሩ።

ታዲያ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

✅ ናሙናው በትንሽ ብሩሽ ከአፍንጫ ይወሰዳል፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።
✅ አንድ ምርመራ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። የዘረመል ምርመራና ሌሎችም ሊጨመሩ ይችላሉ። ውጤቱ ግልጽ ካልሆነ ድጋሚ መመርመር ተገቢ ነው።
✅ የልጅዎ ልብ በግራ በኩል ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ልባቸው በቦታው ነው።
✅ ጊዜው ደርሶ ተወልዶ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መተንፈስ ተቸግሮ ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። ቶሎ ከታወቀ ግን አክታን በሚያስወጣ የፊዚዮቴራፒ ሕክምናና ኢንፌክሽንን በጊዜ በማከም ሳንባን ከጉዳት መጠበቅ ይቻላል። “ሲያድግ ይተወዋል” እየተባለ ዓመታት ያለፉትን ሳል ዝም ብለው አይለፉት።

ጤና ይብዛላችሁ! ለሚመለከታቸው ወላጆች ያካፍሉ።