ባቡር፣ ስለትና ሽርሽር

በጃናሞራዋ መካነ ብርሃንም ሆነ በጎንደር የባቡር ሐዲድ ኖሮ አያውቅም፤ የሰሜን ተራሮች መንገደኛ የሚተማመነው በበቅሎና በእግሩ ነበር። በሐዲድ የመንሸራሸር ታሪካችን ስለዚህ የሚፈለገው በአዲስ አበባው የባቡር ጣቢያ፣ በለገሃር ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ መንገዱ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ለቡናና ለቆዳ ጭነት እንጂ ለሽርሽር አልተሠራም የሚል አይጠፋም፤ አልተሳሳተም። ሆኖም የተሠራበት ዓላማ ሰው የሚገለገልበትን መንገድ አይወስንም። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ ያድር ነበር፤ የአዋሽ ጣቢያው ቡፌ ያለዚያ እረፍት ባልታወቀም። ለታኅሣሥ 19 ስለት ይዞ ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም እስከ ድሬዳዋ በባቡር የሚወርድ ምእመንም ነበር። ስለት መዝናናት አይደለም ቢባል፣ በፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀትን የሚያከብር ጎንደሬ አምልኮና ጨዋታ አብረው እንደሚሄዱ ያውቃል።