ጳጉሜን 6 ቀን

አባቴ የተወለዱት ጳጉሜን 6 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነዕለቱ ጽፈውታል። ባሕር ማዶ የምትኖረው እኅቴ በመቃብራቸው ሐውልት ላይ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር እንዲቀረጽ ስለ ፈለገች፣ ባሕረ ሐሳብን ስማር በፓይተን የጻፍሁትን ትንሽ ቀን መለወጫ ጠየቅሁት። «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ሲል መለሰልኝ። የአባቴን ልደት የካደው የገዛ እጄ ሥራ ነበር!

ኮንሶሉን ከፈትሁ። ኮንሶል የምለው ሦስት የቀስት ጫፎች አሳይቶ የሚጠብቀውን፣ አንድ መስመር ሲጽፉለት በዚያው ቅጽበት የሚመልሰውን መስኮት ነው። የራስን ኮድ ወደ እርሱ አስገብቶ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ዕድል ሁልጊዜ አልነበረም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮግራም ጸሐፊ ሥራውን በካርድ አስበስቶ ለማሽኑ ጠባቂዎች ያስረክብና መልሱን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይጠብቅ ነበር። አንዲት ምልክት ከሳተ እንደገና ወረፋ። በ1958 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ የጀመረው ጆን ማካርቲ፣ «ኢቫል» የተባለውን ፋንክሽን ለንድፈ ሐሳብ እንጂ በማሽን ላይ እንዲሠራ ብሎ አልጻፈውም። ስቲቭ ራስል ግን፣ ማካርቲ ንድፈ ሐሳብንና ተግባርን እያምታታህ ነው ቢለውም፣ በእጁ ወደ አይ.ቢ.ኤም. 704 ቋንቋ መለሰው። የተጻፈለትን አንብቦ፣ አስልቶ፣ መልሱን አትሞ እንደገና የሚጠብቅ ማሽን ሥሩ እዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፒተር ዶይች፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ሊስፕን በፒ.ዲ.ፒ.-1 ላይ አኖረው፤ ሰውም ከጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ከፕሮግራሙ ጋር ይመላለስ ጀመር። (የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ነግሮ ወዲያው ሲታረም ያየ ሰው ብዙ አይደነቅም።) ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓይተንም ይህንኑ ልማድ ወረሰ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የጳጉሜንን ቀናት የምትቈጥረውን ፋንክሽን 1935ን ሰጥቼ ጠየቅኋት፤ 5 አለች። 1936ን ሰጠኋት፤ 6 አለች። ለካስ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ስድስተኛዋ ቀን ትጨመር ብዬ ጽፌ ኖሯል፤ የፈረንጁን ሕግ! በእኛ አቈጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። ፋይሉን አረምሁ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ አሁንም 5።

ግማሽ ሰዓት ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ኮንሶሉ የሚመልሰው በፋይሉ ካለው ሳይሆን መጀመሪያ ካስገባው ቅጂ መሆኑን ረስቼ ነበር። ዳግም ማስጫኛ ትእዛዝ አለ፤ ነገር ግን ፋንክሽኗን በስሟ ለይቶ ያወጣ ሰው፣ ሞጁሉን ቢያድሰውም በእጁ የቀረችው አሮጌዪቱ ናት። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ስለዚህ ኮንሶሉን ዘግቼ ከፈትሁት።

6 አለች። ቀኑም ሴፕቴምበር 11 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ሆነ። ለሐውልት ቀራጩ ከመስጠቴ በፊት ግን ዕለቱን ጠየቅሁ። 5 ሲል መለሰ፤ ፓይተን ሰኞን 0 ብሎ ስለሚጀምር ቅዳሜ ማለቱ ነው። ዳዊቱን ገለጥሁ። በአያቴ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ቅዳሜ» ይላል።